የኩልመስክ እናት ጥያቄ፦ ቅቤና የተሠራ ቅቤ ጉበት ዘንድ ሲደርሱ

ዛሬ ስለ ጉበትና ስለ ስብ እንነጋገራለን። ንግግሩ በጽሑፍም ስለሚደርሳችሁ ረጋ ብላችሁ፣ ቃል በቃል አንብቡት። አንድ እርሳስና አንድ ወረቀት አጠገባችሁ አስቀምጡ። መካከሉ ላይ የምንቆጥረውና የምንሰርዘው ነገር አለ። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ያስነሣው አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የመጣው ከላስታ፣ ከኩልመስክ ነው። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በቅርቡ ነው። እንዲህ ይላሉ፦

«ላሜ የምትሰጠኝን ቅቤ እኔ አልበላውም። ገበያ አውጥቼ እሸጠዋለሁ። በገንዘቡ ለልጆች ደብተር፣ ለቤት ጨውና በርበሬ እገዛለሁ። ለወጥ የሚሆነኝን ደግሞ ከሱቅ የሚረጋ ዘይት እገዛለሁ። አንዷ ጎረቤቴ ‹የፋብሪካ ቅባት ጉበት ይጨርሳል፣ ተዪው› አለችኝ። ሌላዋ ‹የላሙም ቅቤ ያው ነው፤ ሐኪም ስብ አታብዙ ይል የለም ወይ?› አለችኝ። ማንን ልመን? ለመሆኑ ጉበት የላሙን ቅቤና የፋብሪካውን ለይቶ ያውቃል ወይ?»

እናታችን፣ ጥያቄዎ ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ ተመራማሪዎችም ብዙ ዓመት የደከሙበት ጥያቄ ነው። መልሱም አንድ ቃል አይሆንም። ሁለቱም ጎረቤቶችዎ ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

በግ ሲታረድ ያላየ ከመካከላችን የለም። ቆዳው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ከባድ ነገር ይወጣል። ጉበት ነው። ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ የያዘች ትንሽ ከረጢት ተለጥፋለች። ሐሞት ናት። አራጁ ሐሞቷ እንዳትፈስ ተጠንቅቆ ያነሣታል፤ ከፈሰሰች ሥጋው ይመርራል። የሰውም ጉበት እንዲሁ ነው። የሚገኘው በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ጉበት 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል።

ሐሞትን የሚሠራት ጉበት ነው። ለምን ትጠቅማለች? ቅባት የነካው ነጠላ በውሃ ብቻ ቢታጠብ አይለቅም። እንዶድ ሲጨመርበት ግን ቅባቱ ይበታተንና ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሐሞትም በአንጀት ውስጥ እንደ እንዶድ ናት። የበላነውን ስብ በጥቃቅኑ ትበታትነዋለች። ከዚያ በኋላ ስቡ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይደርሳል። ጡንቻ የሚፈልገውን ይወስዳል። ስብ የሚጠራቀምበት የሰውነት ክፍልም ድርሻውን ይወስዳል። የተረፈው ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበትም ከሦስት አንዱን ያደርጋል። ወይ ያነደዋል፤ ወይ መልኩን ይለውጠዋል፤ ወይ ጠቅልሎና ጭኖ እንደገና ወደ ደም ይልከዋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጉበት ዘንድ የደረሰው ስብ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ወይስ አይደለም?

አሁን እርሳሱን አንሡ። በወረቀታችሁ ላይ 18 ክብ ክብ ነጥቦች በአንድ መስመር ጻፉ። በክር እንደ ተሰካ ዶቃ አድርጓቸው። ከሥራቸው ከ1 እስከ 18 ቁጥር ስጡ። ጻፋችሁ? ይህ ዶቃ የስብ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዷ ዶቃ ካርቦን የሚባል ነገር ናት። ስብ የምንለው ነገር ሁሉ፣ ቅቤም ሆነ ዘይት፣ ጮማም ሆነ ሞራ፣ እንዲህ ካሉ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሰንሰለቱ ከ18 ያጠረም የረዘመም ይኖራል። ብዙው ግን 18 ስለሆነ በእሱ እንማር።

በዶቃና በዶቃ መካከል ያለው ክር አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ነው። በአንዳንድ ሰንሰለት ግን አንድ ቦታ ላይ ክሩ ጥንድ ይሆናል። በ9ኛዋና በ10ኛዋ ዶቃ መካከል ሁለት መስመር አስምሩ። ይህ ኦሌይክ አሲድ ይባላል። በዘይት ውስጥም በቅቤ ውስጥም አለ። ስሙን ባትይዙት ግድ የለም። ቦታውን ግን ያዙልኝ፤ 9 ቁጥር ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። በጥንዱ ክር ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ዶቃዎች አንዳንድ ትንንሽ ፍሬ ተሸክመዋል። ፍሬዋ ሃይድሮጅን ትባላለች። ሁለቱ ፍሬዎች በአንድ ወገን ከሆኑ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይጎብጣል፤ እንደ ማጭድ ይሆናል። አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ማዶ ከሆኑ ግን ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፤ እንደ በትር ይሆናል። የመጀመሪያውን ሊቃውንት «ሲስ» ይሉታል። በላቲን ቋንቋ «ወዲህ» ማለት ነው። ሁለተኛውን «ትራንስ» ይሉታል። «ማዶ» ማለት ነው። ትራንስ ስብ የሚባለው እንግዲህ ፍሬዎቹ ማዶ ለማዶ የተቀመጡበት፣ ቀጥ ያለው ስብ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

መጉበጥና መቅናት ይህን ያህል ምን ለውጥ ያመጣል? እንጨት የለቀመ ሰው ይፍረድ። ጠማማ እንጨት ብታስሩት መካከሉ ክፍት ክፍት ይላል፤ ጭነቱም አይጠብቅም። ቀጥ ቀጥ ያለውን ብታስሩት ግን አንዱ ከአንዱ ተጣብቆ ይታሰራል። ጎባጣው ስብ እንደ ጠማማው እንጨት ነው። ተጣብቆ መደርደር ስለማይችል ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ዘይት የሚፈስሰው ለዚህ ነው። ቀጥ ያለው ስብ ግን ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ስለዚህ ይረጋል።

ጎባጣውን ቀጥ የሚያደርገው ማን ነው? ሁለት ባለሙያዎች አሉ። አንደኛዋ ላም ናት። ሁለተኛው ፋብሪካ ነው።

ላም ሣር ትግጣለች። ከዚያ ተኝታ ታመሰኳለች። በመጀመሪያው ጨጓራዋ ውስጥ ያለው ፈርስ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሣር አይደለም። በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕያዋን ይሠሩበታል። እነሱ የሣሩን ስብ ያገኙና ሃይድሮጅን እየጨመሩ ይለውጡታል። በዚህ ሥራ መካከል ጥቂቱ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ይቀራል። ወደ ወተቱ ይገባል፤ ወተቱ ተገፍቶ ቅቤ ሲወጣ ከቅቤው ጋር ይወጣል። ይህ የላም ትራንስ ስብ በአብዛኛው ቫክሴኒክ አሲድ የሚባለው ነው። «ቫካ» በላቲን ላም ማለት ነው። በግና ፍየልም የሚያመሰኩ ስለሆኑ በወተታቸውና በሥጋቸው ውስጥ እንዲሁ አለ። ብዛቱስ? ከወተት ስብ ውስጥ ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ፋብሪካ ነው። በ1902 ቪልሄልም ኖርማን የሚባል ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሰው ፈሳሽ ዘይትን ማርጋት የሚቻልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዘይቱ ይሞቃል። ኒኬል የሚባል ብረት በዱቄት መልክ ይገባበታል። ከዚያ ሃይድሮጅን ጋዝ ይነፋበታል። ሥራው እስከ መጨረሻው ቢሄድ ጥንድ ክር የሚባል አይቀርም፤ ትራንስም አይኖርም ማለት ይቻላል። ዘይቱም እንደ ጧፍ ይደርቃል። ፋብሪካዎች ግን እንደ ቅቤ ለስለስ ያለ ነገር ስለሚፈልጉ ሥራውን መንገድ ላይ ያቆሙት ነበር። እንዲህ በከፊል ብቻ ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት ውስጥ ከመቶ ከ25 እስከ 45 እጅ የሚሆነው ትራንስ ስብ ሊሆን ይችላል። ከላሙ ጋር አስተያዩት! ከፋብሪካው ትራንስ ስብ በስሙ የታወቀው ኢላይዲክ አሲድ ይባላል። የዚህ ጥንድ ክር የት ነው? 9 ቁጥር ላይ ነው። የላሙ ቫክሴኒክ ጥንድ ክር ግን 11 ቁጥር ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከላሙም ትንሽ ኢላይዲክ፣ ከፋብሪካውም ቫክሴኒክ ይገኛል። የሚለያዩት በየትኛው እንደሚበዛባቸው ነው።

«የ9 እና የ11 ልዩነት ምን ያህል ነው?» ትሉ ይሆናል። ለሰው ዓይን ምንም አይደለም። ለጉበት ግን ብዙ ነው። ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ።

ጉበት ስብን የሚያነድበት ምድጃ ሚቶኮንድሪያ ይባላል። በእያንዳንዷ የጉበት ቅንጣት ውስጥ እንዲህ ያለ ትናንሽ ምድጃ በብዛት አለ። ሰንሰለቱ ግን እንዳለ ተጎትቶ እሳት ውስጥ አይገባም። ረጅም እንጨት ለምድጃ እንደሚቆረጥ እሱም ይቆረጣል። የሚቆረጠውም ሁልጊዜ ከራስጌው ነው፤ ሁልጊዜም ሁለት ሁለት ዶቃ ነው። ቆራጮቹ ኢንዛይሞች ይባላሉ። ለረጅሙ፣ ለመካከለኛውና ለአጭሩ የተለያዩ ቆራጮች አሉ።

1ን እና 2ን ሰርዙ። ስንት ቀረ? 16። 3ን እና 4ንም ሰርዙ። 14 ቀረ። አሁን ከቀሩት እንደ አዲስ ቁጠሩ። ጥንዱ ክር ያለው በስንተኛው ላይ ነው? በ5ኛውና በ6ኛው መካከል። በደንብ ቆጥራችኋል።

ሰንሰለቱ ጎባጣ ከሆነ፣ ማለትም ኦሌይክ ከሆነ፣ የረጅሙ ቆራጭ ይህን ባለ 14 ቁራጭ ያለ ችግር ተቀብሎ ይቀጥላል። ቀጥ ያለው ኢላይዲክ ሲሆን ግን ይኸው ቆራጭ እዚህ ላይ ሲደርስ ይለግማል። ቁራጩ ለእጁ አይመቸውም። ይቆርጠዋል፤ ግን በዝግታ ነው። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ ባለ 14ቱ ቁራጭ በምድጃው ውስጥ ይከማቻል። ሲከማች ከፊሉ ሳይነድ ከምድጃው ሾልኮ ይወጣል። ይህን በ2004 ያሳተሙት ተመራማሪዎች ከአይጥ ጉበት በተወሰደ ሚቶኮንድሪያ ላይ ሠርተው አሳይተዋል። አብዛኛው መንደዱ አይቀርም። ነገር ግን እሳቱ ያልጨረሰው፣ ግማሹ የነደደ እንጨት ከምድጃ እየወጣ ቤት ውስጥ ሲጥመለመል አስቡት። ነገሩ እንደዚያ ነው።

የላሙስ? ጉበት ሌላም ሙያ አለው ብለናል፤ መልክ መለወጥ። በጉበትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ 9 ቁጥር ላይ ጥንድ ክር የሚሠራ ኢንዛይም አለ። ሥራው ያ ብቻ ነው። የላሙ ቫክሴኒክ ሲመጣለት 9 ቁጥርን ያያል። ባዶ ነው። ጥንድ ክር ይሠራበታል፤ እሱም ጎባጣ ጥንድ ነው። በዚህ ጊዜ ቀጥ ብሎ የመጣው ሰንሰለት ጎብጦ፣ ሩሜኒክ አሲድ የሚባል ሌላ ስብ ሆኖ ይወጣል። በፊንላንድ በሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት ከተበላው ቫክሴኒክ በአማካይ ከመቶ 19 እጅ ያህሉ እንዲህ እንደሚለወጥ ለክቷል። አንድ አምስተኛ ገደማ ማለት ነው። የፋብሪካው ኢላይዲክ ሲመጣ ግን ያው ኢንዛይም 9 ቁጥርን ቢያይ ቦታው ተይዟል። ጥንድ ክር ቀድሞ ተሠርቶበታል፤ ያውም ቀጥ ያለው። ስለዚህ ምንም ሊያደርግለት አይችልም።

እንግዲህ እናታችን፣ ለጠየቁት ዋና ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ጉበት ለይቶ ያውቃል። ላምና ፋብሪካ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚለየው በቁጥር ነው፤ 9 እና 11 እያለ።

ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ጎረቤትዎ «ጉበት ይጨርሳል» ብለዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ማረም ያስፈልጋል። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጉበትን ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ከረጋ ቅባት አይመጣም። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቅባት ስለተወ ብቻ ተፈወስኩ ብሎ ቤቱ አይቀመጥ፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የፋብሪካው ትራንስ ስብ ሲበዛ የጉበትን በስብ መሞላት እንደሚያባብስ በአይጦች ላይ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ጉዳት ጉበቱ ላይ ሳይሆን ልብ ላይ ነው። ጉበት የሚልከው ጭነት ነው ልብን የሚጎዳው።

ይህን ለማስረዳት የላስታን መንገድ ልዋስ። መኪና ከመግባቱ በፊት እህሉም ጨውም በበቅሎና በአህያ ነበር የሚጫነው። ከጉበትም እንዲሁ ጭነት ይወጣል። ጭነቱ ስብና ኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮል ራሱ መርዝ አይደለም፤ ሰውነት ለግንባታ የሚፈልገው ነገር ነው። ጭኖ የሚወጣ አጋሰስ አለ፤ የተረፈውን ከየመንገዱ ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚመልስም አጋሰስ አለ። ሐኪሞች የመጀመሪያውን መጥፎ ኮሌስትሮል፣ ሁለተኛውን ጥሩ ኮሌስትሮል ይሉታል። ወጪው ከበዛና መላሹ ካነሰ ጭነቱ መንገድ ላይ ይራገፋል። መንገዱ የደም ሥራችን ነው። የተራገፈው እየተጋገረ የደም ሥርን ያጠብባል። ጠባቡ ወደ ልብ የሚሄደው ሥር ከሆነ ሰውየው ደረቱን ይዞ ይወድቃል።

በ1990 ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች፣ ሜንሲንክና ካታን፣ አንድ ጥናት አሳተሙ። 34 ሴቶችና 25 ወንዶች ሦስት ዓይነት ምግብ፣ እያንዳንዱን ለ3 ሳምንት እንዲበሉ አደረጉ። በአንደኛው ጎባጣው ኦሌይክ በዛ። በሁለተኛው የፋብሪካው ትራንስ በዛ። በሦስተኛው ምንም ጥንድ ክር የሌለው፣ ቅቤና ሞራ ውስጥ የሚበዛው ስብ በዛ። ከዚያ ደማቸውን መረመሩ። ከኦሌይኩ ጋር ሲተያይ ሦስተኛው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ አደረገው። ትራንሱም መጥፎውን ከፍ አደረገው፤ ግን በዚያ አላበቃም፤ ጥሩውንም ዝቅ አደረገው። ወጪው በዛ፣ መላሹ አነሰ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ የተክል ቅቤ ከላም ቅቤ ይሻላል እየተባለ በየአገሩ ይሰበክ ነበር።

ከዚያም አስቀድሞ የጮኸ ሰው ነበር። ፍሬድ ኩመሮው ይባላል፤ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ1957 በሞቱ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ትራንስ ስብ ማግኘቱን ጻፈ። ሰሚ ግን አላገኘም። ሃምሳ ዓመት ያህል ጠበቀና በ2009 ለአሜሪካ መንግሥት አቤቱታ አቀረበ። መንግሥቱ በ2015 በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት ከምግብ እንዲወጣ ወሰነ። ኩመሮው በ2017 በ102 ዓመቱ ሲሞት ውሳኔውን በዓይኑ አይቶ ነበር። ከሁሉ ቀድማ ደንብ ያወጣችው ግን ዴንማርክ ናት፤ በ2003። ከ100 ግራም ስብ ውስጥ የፋብሪካ ትራንስ ከ2 ግራም እንዳይበልጥ አዘዘች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2011 ይህንኑ ደነገገች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2018 አገሮች ሁሉ እንዲያስወግዱት ጠየቀ። ድርጅቱ በየዓመቱ ከ278,000 በላይ ሰዎች ለሚሞቱበት ጠንቅ ነው ይለዋል።

ሁለተኛዋ ጎረቤትዎ «የላሙም ያው ነው» ማለታቸውስ? እንደ መጠኑ ነው። የላሙም ትራንስ በብዛት ቢበላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ደምሮ በቀን ከ2 ግራም ጥቂት አይለፍ የሚለው። እስቲ እናስላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 14 ግራም ገደማ ይሆናል። ውሃው ሲቀነስ ስቡ 11 ግራም ያህል ነው። ከመቶ 3 እጁ ትራንስ ቢሆን አንድ ሦስተኛ ግራም ገደማ ይወጣዋል። በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ቅባት አንድ የሾርባ ማንኪያ 13 ግራም ገደማ ነው። ከመቶ 30 እጁ ትራንስ ቢሆን ወደ 4 ግራም ይሆናል። በአንድ ማንኪያ የቀኑ ልክ አለፈ። በላሙ ቅቤ 4 ግራም ለመሙላት ግን ከ10 ማንኪያ በላይ መብላት ይጠይቃል፤ ያን ያህል ቅቤ በቀን የሚበላ ቤት ኩልመስክ ውስጥ ካለ እኛንም ይጥሩን። የቅቤ ዋናው ጣጣ ትራንሱ አይደለም። ያ ጥንድ ክር የሌለው ስቡ ነው፤ እሱ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ቅቤ በልክ ይበላ የሚባለው ስለ እሱ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንውረድ። ከሱቅ የሚገዙት የሚረጋ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ የፓልም ዘይት ነው። ፓልም ከሌላ አገር የሚመጣ የዘንባባ ወገን ዛፍ ነው። ዘይቱ የሚረጋው በተፈጥሮው ነው። ግማሽ ያህሉ ጥንድ ክር የሌለው ስብ ስለሆነ ብርድ ሲነካው ይረጋል። ቆላ አገር ፈስሶ የሚታየው ዘይት ደጋ ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ይገኛል። የሚረጋ ሁሉ ትራንስ ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የመጀመሪያዋ ጎረቤትዎ ተሳስተዋል። የፓልም ዘይት ነገር እንደ ቅቤው ነው፤ በልክ ቢሆን ይመረጣል።

መጠርጠር ያለበት ሌላ ነው። በከተማ የጾም ቅቤ እየተባለ የሚሸጥ፣ ከተክል ዘይት የተሠራ የረጋ ቅባት አለ። ዳቦ ላይ የሚቀባ ማርጋሪን አለ። በኬክና በብስኩት ውስጥ የሚገባ ጠንካራ ቅባት አለ። እነዚህ ሁሉ ትራንስ አለባቸው አንልም፤ ዛሬ ያለ ትራንስም ይሠራሉ። ነገር ግን በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት የሚገባ ከሆነ የሚገባው በእነዚህ ውስጥ ነው። እኛ ጿሚ ሕዝብ ነን። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ ሲደማመሩ ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ቅቤ አንነካም። በጾም ቀን የምንበላው ቅባት ምን እንደሆነ ማወቃችን ለዚህ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ይጠቅመናል። የኑግ ዘይት፣ የሱፍ ዘይት ጎባጣ ሰንሰለት የሞላባቸው ናቸው። በብርድም ፈሳሽ ናቸው። የተልባም ስብ እንዲሁ ነው፤ ተልባ ግን ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ይበላ እንጂ ዘይቱ ለመጥበሻ አይሆንም።

«ቅቤ ሲነጠር ትራንስ ይሆናል ወይ?» የሚሉም አሉ። በምድጃችን ላይ ኒኬል የለም፤ ሃይድሮጅን ጋዝም የሚነፋ የለም። ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት በለስላሳ እሳት የሚነጠር ቅቤ የፋብሪካውን ሥራ አይሠራም። ዘይት ደጋግሞ ማቃጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ሲጠበስበት ውሎ የጠቆረ ዘይት ውስጥ ትራንስ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ስቡ ራሱ ተበላሽቶ ሌላ ጎጂ ነገር ይሆናል። የጠቆረና የሚጤስ ዘይት ይደፋ። ውድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ይደፋ።

እናታችን፣ ቅቤዎን መሸጥዎን ማንም አይንቀፍብዎ። ደብተር የገዛ ቅቤ ባክኗል አይባልም። ከሽያጩ ትንሽ አስቀርተው ለልጆቹ ጣል ቢያደርጉላቸው ግን በእኔ አስተያየት ጥሩ ነው። ለዘወትር ወጥ የኑግ ዘይት ባገኙ ጊዜ እሱን ያስቀድሙ። ከሌለ የሚረጋውን ዘይት ቀነስ አድርገው ይጠቀሙ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። የፓልም ዘይትም ይረጋል፣ የፋብሪካውም ቅባት ይረጋል። በዓይን ቢያዩት፣ በጣት ቢነኩት፣ ቢያሸቱት አይለይም። የሚለየው ማሸጊያው ላይ ባለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በአማርኛ ከተጻፈ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ፈልጉ። እነዚህን ቃላት አሁኑኑ በወረቀታችሁ ላይ ጻፉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። በላቲን ፊደል ከተጻፈ የተማሪ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ካለ ያንብብላችሁ። ካለ አትግዙ። ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ በላስቲክ እየተቆረጠ የሚመዘን የረጋ ቅባት ከሆነ ባለሱቁን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። እሱም ካላወቀ ገንዘባችሁን ወደ መቀነታችሁ መልሱ።